ይመርን ሰጥተን ታጁን

ሉባባ ሞታለች። ባሏ ይመር የዋንዛ ሥር ሰፈር የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ነው።

እሷ ከሞተች ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን፣ ይመር ልጁን ነጃትን በነጠላ አዝሎ ወደ ቢራራ ፀጉር ቤት ሲያቀና፣ ገና ደጃፉ ላይ ሳለ የራሱን ስም ሰማ።

«ይመርን እንስጥና ታጁን እናምጣ!»

ቆመ።

ክረምት ሲገባ የዚያ ሰፈር ሰው ከክረምት ዋንጫ ሌላ ወሬ የለውም። ቦርከና ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ከፍሏታል። ከወንዙ ወዲህ ዋንዛ ሥር ነው፤ ከወንዙ ወዲያ ማዶ። ሌሎች ሰፈሮችም ይጫወታሉ፤ ግን ዋንዛ ሥር ማዶን ካሸነፈ በሌላው ሁሉ ቢሸነፍ ግድ የለውም። ማዶም እንደዚያው። ታጁ ደግሞ የማዶ አጥቂ ነው። ሲሮጥ የሜዳው ጭቃ ራሱ መንገድ የሚለቅለት ልጅ ነው።

በዚህ ውድድር ተጫዋች የሚመዘገበው በቅሬው ነው። ቅሬ ሌላ አገር እድር የሚሉት ነው፤ መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ከሐዘንተኛ ጋር ይቀመጣል። ድሮ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። አንድ ክረምት ማዶዎች ከደሴ አንድ ፈጣን ልጅ አመጡ። ልጁ ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሦስት አገባ። በእረፍት ሰዓት የዋንዛ ሥር ሽማግሌዎች ሜዳ ገቡ፣ ልጁን ከበቡትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ይህ ልጅ አሁን እዚህ ወድቆ ቢሞት የሚቀብረው ማን ነው?» የመለሰ አልነበረም። ልጁ ራሱ ግን ጥያቄው በደንብ ገባው፤ ሁለተኛው ግማሽ ሳይጀመር የደሴን መኪና ያዘ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ አንድ ሆነ፤ ለሚቀብርህ ተጫወት። ተጫዋች መለዋወጥ አልተከለከለም። ግን የተለወጠው ተጫዋች ቅሬውን ይቀይራል፤ ቤተሰቡም ትልቅ ትንሽ ሳይል አብሮት ይዛወራል። ቤቱን አይለቅም። የሚያዛውረው ሞቱን ነው።

ይመርን የመለዋወጡ ሐሳብ የመጣው ካለፈው እሑድ ጨዋታ ወዲህ ነው። ከሐዘኑ በኋላ በር ላይ የቆመበት የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ በማዶ አራት ለባዶ ተሸነፉ። መሸነፉ ብቻ ቢሆን ደግ። የከፋው አገባቡ ነው። ታጁ የመጀመሪያዋን አገባ። ሊጨፍር እጁን ወደ ላይ ከፍ እንዳደረገ የይመር ሐዘን ትዝ አለው። እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ፣ ወደ ይመር ሄደ፣ አቀፈው። «አላህ ያጽናህ ወንድሜ» አለው። ሁለተኛዋ ስትገባ የማዶ ተጫዋቾች ተሰልፈው መጥተው በየተራ ጨበጡት። ሦስተኛዋ ላይ የማዶ ደጋፊ በሙሉ በአንድ ድምፅ «አይዞህ! አይዞህ!» አለ። አራተኛዋ ስትገባ የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እንባውን ጠረገ።

የራሱም ደጋፊ አልተሻለም። ድሮ ይመር አንድ ኳስ ካመለጠው የሚሰደበው እሱ ብቻ አልነበረም፤ ወተቷን ያጠጣችው ላም ሳትቀር ትረገም ነበር። ያን እለት ግን «ምንም አይደል ይመርዬ፣ ይግባ! ኳስ ነው፣ ነገም አለ!» ይሉታል።

ይመርን የቆጨው ይህ ነው። ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ይዞታል። ሻይ ቤት ሲገባ ሳቅ ይቋረጣል። ካርታ ሲጫወት ሆን ብለው ይሸነፉለታል። ልምምድ ላይ ነጃትን የሚይዝለት ሲያጣ አዝሏት በር ላይ ይቆማል፤ ያኔ ማንም ጠንክሮ አይመታም፤ ኳሷን እንደ ሎሚ ያንከባልሉለታል። ቢሆንም ሜዳውን ተስፋ ያደርገው ነበር። አንድ ቀን በጨዋታ ሙቀት ይረሱትና እንደ ድሮው ይሰድቡኛል ይል ነበር። አሁን ሜዳውንም ሊወስዱበት ነው።

ውስጥ ወሬው ደርቷል። ጋሼ አበጋዝ ወንበሩ ላይ ናቸው፤ ፊታቸውን የሳሙና አረፋ ሸፍኖታል። ጋሼ አበጋዝ የዋንዛ ሥር የቅሬ ዳኛ፣ የቅሬው አለቃ ናቸው፤ ማንም ሳይመርጣቸው የቡድኑም ሊቀመንበር ናቸው። ባለ ምላጩ ቢራራ ነው። ባጃጅ ነጂው ጌጡ ተረኛ ነው፤ ግን ወረፋ የሚጠብቅ ሳይሆን ወሬ የሚጠብቅ ነው። አግዳሚው ላይ ሌሎችም ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

«ይመርን ከመስጠት ሁለት ተከላካይ ብንሰጥስ?» አለ ጌጡ።

«የኛን ተከላካዮች?» አለ ቢራራ። «ማዶዎች ጠላቶቻችን ናቸው እንጂ ሞኞች አይደሉም።»

«ሁለት ተከላካይና አዲሱን መረብ።»

«መረቡን ሰጥተን ኳሷ ገባች አልገባች እያልን ስንጣላ ልንከርም ነው?»

«ምን ያጣላል?» አለ ከአግዳሚው አንዱ። «ይመር እስከቆመ ድረስ ገብታለች።» ከአፉ እንደወጣ ደነገጠና አስከተለ፤ «አላህ ይዘንላትና!»

«አሰልጣኙን ብንሰጣቸውስ?»

«አሰልጣኙንማ በነፃ ብንሰጣቸው ምራቂ ጨምረው ይመልሱልናል።»

«ዝም በሉ!» አሉ ጋሼ አበጋዝ፤ አረፋው ከአፋቸው ላይ ብን ብሎ መስተዋቱ ላይ አረፈ። «እኔ አዲስ አበባ ስታዲየም ገብቼ ያየሁ ሰው ነኝ።»

«ጋሼ፣ ያን እለት በዝናብ ምክንያት ጨዋታው ተቋርጦ ነበር አላሉንም?» አለ ጌጡ።

«ሲቋረጥም አይቻለሁ! የሚያውቅ ሰው ሲናገር ስማ። አጥቂ የፈጣሪ ስጦታ ነው። በረኛ ግን ማንም ይሆናል፤ እጅ ያለው ሁሉ በረኛ ነው።»

ይመር መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

ቢራራ ሬዲዮኑን ዘጋ። ጌጡ ተነስቶ ወረፋውን ለቀቀለት። ከአግዳሚው አራት ሰው በአንድ ጊዜ «እንደምን ዋልክ፣ ልጅቱ ደህና ናት?» አለው።

«ደህና ናት። ቀጥሉ» አለ ይመር። «ስሸጥ ደረስኩ እንጂ አላቋረጥኳችሁም።»

«ኧረ ማን ሸጠህ!» አለ ቢራራ።

«እስቲ እኔ ልንገረው» አሉ ጋሼ አበጋዝ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አንገታቸውን በፎጣው ውስጥ አቀኑ። «ይመር ልጄ፣ ላንተው አዝነን ነው። ከማዶ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ፤ ነገ ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ። አንተ ወደ እነሱ፣ ታጁ ወደ እኛ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ጥፋት የለብህም። ሐዘን ነው። ሐዘን ተጫዋች ይገድላል፤ ይህን እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው። ሐዘንተኛ እጅ ኳስ አይይዝም። ታጁን ተመልከተው፤ ከቤቱ አንድ ሰው ሞቶበት አያውቅም! እግሩ የቀለለው ለምን መሰለህ? ልቡ ስላልከበደ ነው።»

አግዳሚው ራሱን ነቀነቀ። አባባሉ አምሮ ነበር። ጋሼ አበጋዝም እንዳማረ ስላወቁ ደገሙት፤ «ልቡ ስላልከበደ ነው።»

ይመር ነጃትን በጀርባው ላይ ከፍ አደረጋት። ማዶ መሄድ ማለት ምን እንደሆነ ያውቀዋል። የሉባባን መቃብር የቆፈሩት እነዚህ ናቸው። ቢራራ ዶማ ይዞ ነበር፤ ጌጡ በዝናብ ድንጋይ ሲያመላልስ ነበር። አሁን አዝነንልሃል ብለው ለማያውቀው ቅሬ ሊሰጡት ነው።

«ጋሼ አበጋዝ፣ ታጁ ሲመጣ አብሮት የሚመጣው ማን ነው?»

«ቤተሰቡ ነዋ! ሕጉ ጠፋህ?»

«ሕጉስ አልጠፋኝም። ሰዎቹ ናቸው የጠፉኝ። እስቲ ይጥሩልኝ።»

ጋሼ አበጋዝ እንደሚያውቅ ሰው እጃቸውን ከፎጣው ሥር አወጡ። «አያቱ እማማ ራህመት አሉ። ወንድማቸው ሸህ ሙሄ፣ ዓይናቸው የፈሰሰው።»

«ሁለት» አለ ጌጡ፤ በባጃጁ ስለሚያመላልሳቸው ቤቱን አሳምሮ ያውቀዋል። «መንታዎቹ ሽማግሌዎችስ? ከተኳረፉ ጊዜ ጀምሮ ባጃጅ ውስጥ እንኳ ጎን ለጎን አይቀመጡም።»

«መንታዎቹን ጨምር። የአባቱ አክስት፣ ባለቤቷ።»

«ያ ድልድዩ ሲሠራ ድንጋይ አቀብያለሁ የሚሉት ከነሚስታቸው።»

«እነሱም።»

«ጥርሳቸው እንደገና በቅሏል የሚባሉት አሮጊትስ?»

«እሳቸውም አሉ» አሉ ጋሼ አበጋዝ ኮራ ብለው። «ዘጠኝ ሽማግሌ! ሞት መንገዱ የጠፋበት ቤት ነው። የተባረከ ቤት ይሉሃል እንዲህ ያለው ነው።»

«እንግዲያውስ ሐዘን ተጫዋች የሚገድል ከሆነ» አለ ይመር፣ «እኔ ያለችኝን አንዷን ቀብሬ ጨርሻለሁ፤ ታጁ ግን ዘጠኙም ገና አሉበት። ሐዘኑን የጨረሰ በረኛ ሰጥተው፣ ሐዘኑን ያልጀመረ አጥቂ ነው የሚቀበሉት?»



ጨርሻለሁ ማለቱ ውሸት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይመርም ያውቃል። ግን የራሱ ውሸት ስለነበር የነካበት ሰው የለም። ችግሩ ሌላ ነበር፤ መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ አልታወቀም። ጌጡ ከንፈሩን ነከሰ። አግዳሚው ላይ ያሉት ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አንዱ የማያስለውን ሳል ሳለ።

ቢራራ ግን አልቻለም። መጀመሪያ በአፍንጫው እንደ ጎማ ተነፈሰ። ቀጥሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ክንዱ፤ ምላጩም ከክንዱ ጋር። የጋሼ አበጋዝ የቀኝ ሪዝ ከነአረፋው ወለሉ ላይ ዱብ አለ።

በዚህ ጊዜ ቤቱ ተደረመሰ። ጌጡ ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ዘጠኝ መቃብር!» ይላል እየጮኸ። «በክረምት! በዚህ ጭቃ! ኧረ እኔ ዶማ መያዝ አልችልም፣ ባጃጅ ነጂ ነኝ!» አግዳሚው በአንድ ወገን ተነስቶ ሌላው ወገን ወደቀ። ነጃት ከአባቷ ትከሻ በላይ ብቅ ብላ ማን እንዳበደ ስትፈልግ ነበር። ይመርም ሳቀ። ሰው ፊት ሳቀ፤ ሲስቅም ማንም ዝም አላለለትም።

ጋሼ አበጋዝ መስተዋቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከመስተዋቱ ባለ ግማሽ ሪዝ ሰውዬ ያያቸዋል። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጌጡን ጠየቁት።

«ሸህ ሙሄ... ዕድሜያቸው ስንት ይሆናል?»

«ጋሼ፣ እሳቸውም አያውቁት።»

«ሲያስላቸው ሰምተሃል?»

«ባጃጄ ውስጥማ ከሞተሩ በላይ ነው የሚሰሙት።»

«በል ቢራራ» አሉ ጋሼ አበጋዝ፣ «ግራውንም አንሳው። በረኛ እንዲሁ አይሰጥም። ስታዲየም ያየሁ ሰው ነኝ፤ ቡድን የሚሠራው ከበረኛ ነው።»

ልውውጡ በዚህ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነበር። ነጃትን የቢራራ ሚስት ያዘችለት። ይመር በር ላይ ቆመ፤ ተጫዋቾቹ እንደ ልማዳቸው ኳስ ማንከባለል ጀመሩ። ጌጡ ተጫዋች አይደለም፤ ግን ሳቁ ስላልወጣለት ሜዳ ገብቶ አንዷን በባዶ እግሩ ጠለዛት። ኳሷ በይመር እግሮች መሀል ሾልካ ገባች።

«አንተ ወንፊት!» ብሎ ጮኸ ጌጡ። «እግርህን ለምን አትዘጋም፣ በር የሌለው ግቢ!»

ጌጡ አፉን በሁለት እጁ ያዘ።

«ድገመው» አለ ይመር።

«ኳሷን?»

«ስድቡን።»

ጌጡ ደገመው፤ ለጋስ ስለሆነም ላሟን ጨመረለት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጠንክሮ መታ፣ ሁሉም ተሳደበ፣ ይመርም በጭቃው ላይ እየተጋደመ ያዘ፣ አመለጠው፣ ያዘ።

ወሬ እግር የለውም፤ ያን እለት ግን ከታጁ ቀድሟል። ይመር ልጁን ተቀብሎ፣ አዝሎ፣ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል ጌጡ ባጃጁን አጠገቡ አቆመ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ግባ። እማማ ራህመት ይፈልጉሃል።»

«ሰሙ?»

«ማዶ ያልሰማ የለም። በዱላ ይሁን በቃል አላውቅም፤ አምጣልኝ ብቻ ነው ያሉኝ።»

ድልድዩን ተሻገሩ። ጌጡ ከግቢው በር ላይ አውርዶት ራሱ አልገባም። ይመር ሲገባ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ምንጣፍ ላይ ተሰድረዋል። ሸህ ሙሄ ጫፍ ላይ ናቸው። መንታዎቹ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። እማማ ራህመት መሀል ላይ ሆነው ከዘራቸውን አነሱ።

«አንተ ነህ ዛሬ የቀበርከን?»

«እማማ፣ ቀልድ ነው፤ አፉ ይበሉኝ።»

«ስንት ነን አልክ?»

«ዘጠኝ።»

«ዋሸህ። አስር ነን። ታላቅ እህቴን የት ጣልካት?»

በከዘራቸው ወደ ግድግዳው ጥግ አመለከቱ። ይመር ብርድ ልብስ ብቻ ያለ መስሎት ነበር። ልብሱ ውስጥ ሁለት ዓይኖች ነበሩ፤ ተቆጥተዋል።

«እኔን ሳይጠሩኝ ቀሩ ብላ ምሳዋን አልበላችም» አሉ እማማ ራህመት። «ሰው እንዴት ከሁሉ ታላቋን ይረሳል?»

ይመር ወደ ጥጉ ዞሮ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎንም ቀብረንዎታል።»

«እህ» አለ ብርድ ልብሱ። «አሁን ደህና። ምሳዬን አምጡ።»

ግድግዳው በሙሉ ሳቀ። ሸህ ሙሄ እየሳቁ ሳሉ፤ ሲስሉ መንታዎቹ ሳያስቡት ተያዩ፤ ተያይተውም ሳቁ። እማማ ራህመት ግን ሳቃቸውን ቀድመው ጨረሱና ይመርን እጁን ይዘው ወደ ታች ሳቡት።

«ስማኝ ልጄ። ሞት እኛን አልፎ ወደ አንተ ቤት ሄደ፣ ወደዚያች ልጅ፤ ያን እለት ሁላችንም እዚህ ተቀምጠን ነበር። አፍረናል። ይህን ልነግርህ ነው ያስጠራሁህ።»

ይመር እጃቸውን ሳመ።

«ልጅቱን አምጣ» አሉ።

ነጠላውን ፈታ። ነጃት ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ጉልበት ታለፈች። ወዲያው ጠብ ተነሳ፤ ድንጋይ አቀብያለሁ የሚሉት ሰውዬ ተራዬ ነው አሉ፣ ጥርሳቸው የበቀለው አሮጊት ገና አልጠገብኩም አሉ፣ ብርድ ልብሱም በዕድሜ ይሁን ብሎ ጮኸ።

«ዝም በሉ!» አሉ እማማ ራህመት። «የተቀበረ ሰው አይጮኽም!»

ይመር ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ ጋደም አለ። ያን ቀን መጨረሻ ያደረገው ነገር መተኛት ነበር፤ በሰው ግቢ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የጭቃ ጫማውን ሳያወልቅ።